ለፍልጥ የሚሆን መጥረቢያ፦ ለኮምቦልቻዋ እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ኮምቦልቻ ገበያ የገዛሽው መጥረቢያ ባሕር ዛፍ ስትፈልጪበት በሳምንቱ ስለቱ ተጣጠፈብሽ። ሌላ ልትገዢ ነው፤ ምን ዓይነት ይሻላል፣ እንዴትስ ይሳላል ብለሻል። እኔ ያደግሁት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ የቤታችንን ፍልጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈልጥ ኖሬያለሁ።

ስለቱ የሚጣጠፈው ብረቱ ለስላሳ ሲሆን ነው። ይህን ሳትገዢ በፊት መለየት ይቻላል። ትንሽ ሞረድ ይዘሽ ሂጂና ሻጩን አስፈቅደሽ ጫፉን አንዴ ሞርጂው። ሞረዱ በቀላሉ ከበላው ተይው። መስታወት ላይ እንዳለ ከተንሸራተተም ተይው፤ በጣም የጠነከረ ብረት ጉጥ ሲያገኘው ይሸረፋል። እየታገለ ነከስ የሚያደርገውን ውሰጂ። ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው ካገኘሽ፣ ሰውየው ሙያውን ካወቀ፣ ዕድሜ ልክ ያገለግልሻል።

ቀጭን መጥረቢያ ለመቁረጥ ነው። ለፍልጥ ሲሆን እንጨቱ ውስጥ ይቀረቀራል። አንቺ ጎኑ እንደ ሽብልቅ ወፈር ያለ፣ ብረቱ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ የሚሆን ፈልጊ። ከዚያ በላይ ክንድ ያደክማል። ዛቢያው ወይራ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሲላላ ግን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፊው። ለጊዜው ያብጥና ሲደርቅ ከበፊቱ ይብሳል። ከላይ የእንጨት ሽብልቅ አስገቢበት።

አሁን ወደ መሳሉ። እባክሽ ግራይንደር አታስነኪው! የአባቴን መጥረቢያ አንድ ጋራዥ ወስጄ በግራይንደር አሳልኩት። በአምስት ደቂቃ አብረቀረቀ። ጫፉ ግን ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ እኔ ቁም ነገር አላልኩትም። ብረት እስከዚያ ድረስ ከጋለ ጥንካሬው ይሄዳል። ወይራ ላይ አንድ ሁለቴ ሳሳርፈው ዶለዶመ። አባቴ ምንም አልተናገረኝም። ሁለት ምሽት ቁጭ ብሎ ሰማያዊው እስኪያልቅ በሞረድ በላው። ያን ጊዜ ያየሁት ትዕግሥት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

እሱ እንዳሳየኝ፦ ጓንት አድርጊ፣ መጥረቢያውን እንዳይነቃነቅ አጥብቀሽ እሰሪው። ሞረድ የሚቆርጠው ሲገፋ ብቻ ነው፤ ስትመልሺው ከብረቱ ላይ አንሺው። አንዱን ጎን ስትሞርጂ በሌላው ጎን ቀጭን ሻካራ ጠርዝ ጣትሽን ይሰማዋል። ያኔ ገልብጪው። መጨረሻ ላይ መሳያ ድንጋይ አርጥበሽ አለስልሺው። እንደ ምላጭ አታቅጥኚው፤ እንዲህ ያለ ስለት ፍልጥ አይችልም።

ባሕር ዛፉንም እርጥቡን ፍለጪው፣ ከዚያ አድርቂው። ከደረቀ በኋላ ይፈትናል። የተጣጠፈውን መጥረቢያሽንም አትጣይው። የታጠፈውን ሞርደሽ አውጪና ለጭራሮ አቆይው።