«የዝናብ ጥላ» ወይስ «የዝናብ ግርዶ»?

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከተራራ ጀርባ ያለውን ደረቅ ምድር «የዝናብ ጥላ» ብዬ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ጥላ ከሆነ ለምን ይሞቃል?» ይሉኛል። ተራራ ነፋስን «ያግዳል» ማለትስ ልክ ነው?

መልስ፦ የተማሪዎችዎ ጆሮ ደህና ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ጥላ» ሲባል ቀድሞ የሚታየው የዋርካ ሥር ነው። ከተራራው ጀርባ የሚጠብቀው ግን ወላፈን ነው። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው። በ500 ሜትር ከፍታ 30 ዲግሪ የሆነ እርጥብ አየር ሽቅብ ይውጣ። ደመና እስኪቋጥር በየ1000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ 1500 ሜትር ላይ 20 ሆነ እንበል። እዚህ ተኑ ወደ ውኃ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ ቅዝቃዜው ይለዝባል፤ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ብንይዝ 3000 ሜትር ጫፍ ላይ 11 ይደርሳል። ዝናቡን ወዲህ አራግፎ ወዲያ ሲወርድ ደረቅ ነውና ሙሉ 10 ዲግሪ እየጨመረ 500 ሜትር ላይ 36 ይገባል። ከተነሣበት ከፍታ ተመልሶ 6 ዲግሪ ሞቀ ማለት ነው። ተማሪ የሚስተው ለመውጫውም ለመውረጃውም አንድ ቁጥር ሲይዝ ነው፤ ያኔ መልሱ 30 ይመጣና ተራራው ሥራ ፈት ይመስላል።

ስለዚህ እኔ «የዝናብ ግርዶ» እላለሁ። ጋረደ፣ ግርዶ፣ መጋረጃ፤ መከለልን እንጂ ቅዝቃዜን አይናገርም። «የዝናብ ጥላ» ደግሞ ሌላም ጣጣ አለበት፤ ለዝናብ የሚያዝ ጃንጥላ ይመስላል። (በነገራችን ላይ ጃንጥላ ራሱ የንጉሥ ጥላ ነው፤ «ጃን» በጃንሆይና በጃንሜዳ ያለው ነው።)

የሚሞግቱኝ ወገኖች ግዕዙን ይጠቅሳሉ፤ ባዶ እጃቸውንም አይደሉም። ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር እንደሆነ ሁሉ ጥላም የጽላሎት ዘር ነው። ጸለለ ከፀሐይ ጋር ብቻ የተቆራኘ ግስ አይደለም፤ ለማርያም «ኃይለ ልዑል ይጼልለኪ» (የልዑል ኃይል ይከልልሻል) ሲባል ፀሐይ የለችም። ሁለተኛው ማስረጃቸው ይበልጥ ያስቸግረኛል፦ ጥላ ብርሃኑ የመጣበትን አቅጣጫ እየተከተለ ይዞራል፤ ይህኛውም ከነፋሱ ጋር ይዞራል። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ኢሉባቦርንና ከፋን ሲያጠግብ አፋር ከጀርባ ይቀራል። በበጋ ከቀይ ባሕር በኩል ሲነፍስ ደግሞ የኤርትራ ምሥራቃዊ ገደል፣ ፊልፊል አካባቢ፣ ፊት ለፊት ሆኖ ዝናብ ያገኛል። ግርዶ ግን ተተክሎ የሚቀር ነገር ነው። ይህን ሁሉ አውቄም ግርዶን እመርጣለሁ፤ ለጆሮዬ ይጥመኛል። ሆኖም «የዝናብ ጥላ» ሰው አፍ ገብቷልና በፈተና ላይ የጻፈውን ተማሪ ነጥብ አይቀንሱበት። «ጥላማ አካባቢ» ያለውን ግን ይቀንሱበት። የአፋርን ድርቀት ሁሉ በተራራ የሚያሳብብም ቢሆን መታረም አለበት፤ ከላይ ወደ ታች የሚጫን ሰፊ አየርም ድርሻ አለው።

ወደ «ማገድ» እንምጣ። የታገደ ቆመ ማለት ነው፤ ነፋስ ግን ወይ ይወጣል ወይ ይዞራል። ነፋሱ ደካማ፣ አየሩ የረጋ (ሽቅብ ለመውጣት እምቢ የሚል)፣ ተራራውም ረጅም ከሆነ መዞሩ ያይላል። ከህንድ ውቅያኖስ ደቡብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚገሰግሰው ነፋስ የምሥራቅ አፍሪካን ከፍተኛ ምድር ሲገጥም ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ የምድር ወገብን ተሻግሮ በሶማሊያ ጠረፍ በኩል ወደ ህንድ ያቀናል። የሶማሊ ጄት የሚባለው ይህ ነው፤ ፍጥነቱ የሚበረታው ከባሕር ወለል 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍተኛው ምድር ባይኖር ይህን ያህል ጠባብና ፈጣን ባልሆነ። በኢትዮጵያና በኬንያ ከፍተኛ ቦታዎች መካከል በቱርካና በኩል የሚያልፈው ነፋስ ደግሞ ይጣበብና ይፈጥናል እንጂ አይታገድም።

ሦስቱን በሦስት ግስ ይለዩዋቸው። አየሩ ሽቅብ ከወጣ ተራራው «ያሻቅበዋል»፣ በመተላለፊያ ከተጨመቀ «ያጣብበዋል» ይበሉ። ለሶማሊ ጄት ገበሬው ለወንዝ የሚለውን እወስዳለሁ፤ ተራራው ነፋሱን ጠለፈው።