ጣና ላይ ሁለት ጀልባ ሲገናኝ ማን ይለቃል? ክላክሱስ ስንት ጊዜ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስትሄድ ፊት ለፊት ጀልባ ቢመጣብህ ማን መንገድ ይለቃል ነው። አንድ ክላክስን አንዱ «ወደ ቀኝ እየዞርኩ ነው»፣ ሌላው «በግራ ጎኔ ላሳልፍህ» ብሎ የሚተረጉመው ለምን እንደሆነም ጠይቀሃል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የተማሩት ደንብ ነው የተለያየው።

በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የመርከብ ግጭት መከላከያ ደንብ ላይ ድምፁ የምታደርገውን ይናገራል። አንድ ሴኮንድ ያህል የሚቆይ አንድ አጭር ድምፅ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ግራ፣ ሦስት ደግሞ ሞተሬን ወደ ኋላ እያሠራሁ ነው ማለት ነው። መልስ አይጠበቅም። በአሜሪካ የውስጥ ውኃዎች ደንብ ግን አንድና ሁለት ሐሳብ ማቅረቢያ ናቸው፤ ሌላው ከተስማማ ያንኑ ይመልሳል። አደጋው የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው፤ አንዱ መልስ ሲጠብቅ ሌላው ዞሯል። አምስትና ከዚያ በላይ ፈጣን ድምፅ ግን በሁለቱም «ሐሳብህ አልገባኝም» ነው። እሱን ከሰማህ መጀመሪያ ጋዝ ቀንስ።

ዓለም አቀፉ ደንብ የተጻፈው ለባሕርና የባሕር መርከብ ሊገባባቸው ለሚችሉ ውኃዎች ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መሐል ላይ መንገዱን ስለሚዘጋ ጣና ከዚያ ውጭ ነው። ቢሆንም እኔ ዓለም አቀፉን እመርጣለሁ፤ አንድ ወደብ ላይ የምትሠሩ ነጂዎች ተነጋግራችሁ አንዱን ያዙ።

ፊት ለፊት ከሆነ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ፤ ሌላው ጎንህን እስኪያይ ድረስ፣ ገና በሩቅ። ሲያቋርጥህ በቀኝህ ያለውን አሳልፈህ ከኋላው እለፍ። ማታ ላይ በቀኝህ ቀይ መብራት ካየህ የምትለቀው አንተ ነህ። ከኋላ መጥቶ የሚቀድም ሁልጊዜ ይለቃል። መረብ ለዘረጋም ልቀቅ።

የሚያጠራጥር ከሆነ የጣሪያህን ቋሚ ብረት ተጠቀም። አንተም ጀልባህም አቅጣጫ ሳትቀይሩ ያ ጀልባ ከቋሚው አጠገብ ሳይንሸራተት እየገዘፈ ከመጣ፣ ልትጋጩ ነው።

ከዓባይ መውጫ አካባቢ ደንገል የጋረደው መታጠፊያ ላይ ከ4 እስከ 6 ሴኮንድ የሚረዝም አንድ ድምፅ ስጥ፤ ከወዲያ የሚመጣውም ያንኑ ይመልስልሃል። የክላክሱን ሽቦ ጫፍ ጠዋት ጠዋት እየው፤ እርጥበቱ ያዝገውና ስትፈልገው ድምፁ ይታፈናል።

አሁን ታንኳ። ደንቡ በመቅዘፊያ ለሚሄድ በስም ቅድሚያ አልሰጠም፤ አንተ ግን ሁልጊዜ ልቀቅለት። እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ጠርዙ ከውኃው እምብዛም ከፍ አይልም፣ ቶሎም አይዞርም። አጠገቡ ደርሰህ ጋዙን በአንዴ ብትቀንስ፣ ከኋላህ ሲከተል የነበረው ማዕበል ቀድሞህ ጭነቱን ይገለብጠዋል። 100 ሜትር ያህል ሲቀርህ ጀምረህ ቀስ በቀስ ቀንስ፤ ቀዛፊው የታንኳውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ እስኪያዞር ጠብቀው። ክላክስ የምታደርግ ከሆነ በሩቅ ይሁን፤ ጆሮው ሥር ቢጮህበት መቅዘፊያውን ይለቃል።