ኮሎምበስ ለምትሄደው እህት፦ ሁለት ጌም ይበቃሻል

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። ከባለቤትሽና ከሁለቱ ልጆችሽ ጋር ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ድረስ ነድታችሁ ጓደኞቻችሁን ልትጠይቁ፣ እግረ መንገዳችሁንም ቦርድ ጌም (ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የሚጫወቱት) ልትጫወቱ አስባችኋል፤ የትኞቹን ጌሞች ልያዝ፣ ቅዳሜና እሁድስ ይበቃል ወይ ነው ያልሽው። እኛ ይህንን መንገድ ለአምስት ዓመት፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመላልሰንበታል። ይበቃል። ስድስት ጌም ጭነሽ ግን አትሂጂ። ሁለት ያዢ፣ ቢበዛ ሦስት።

መንገዱን ላስቀድም። 400 ማይል ገደማ ነው፣ ሳይቆሙ 6 ሰዓት ተኩል። ከልጆች ጋር 8 ሰዓት ብለሽ ያዢው። ሃንኮክ የምትባለው ከተማ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ከቀጠላችሁ የፔንሲልቬንያ የክፍያ መንገድ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ኢዚፓስ (መኪናው ላይ ተለጥፎ ክፍያውን በራሱ የሚቆርጠው መሣሪያ) ከሌላችሁ ሂሳቡ በታርጋችሁ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። እኛ 68ን ይዘን፣ በከምበርላንድና በሞርጋንታውን አድርገን፣ በ79 ወደ ሰሜን ወጥተን 70ን እንደገና እንይዛለን። ክፍያ የለውም። ሳይድሊንግ ሂል ላይ ተራራውን ሰንጥቀው ነው መንገዱን ያሳለፉት፤ የድንጋዩ ንብርብር እንደ ጎድጓዳ ሳህን ታጥፎ ይታያል። እዚያ ቁሙ፣ ልጆቹ እግራቸውን ያፍታቱ። ከከምበርላንድ በኋላ ዳገት ነው፣ ጭጋግ ይወርዳል፣ በበረዶ ወቅትማ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ዓርብ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳችሁ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ውጡ፣ ተራራውን በብርሃን እለፉት።

ወደ ጌሙ ልግባ። መጀመሪያ ስንሄድ አራት ሰዓት የሚፈጅ ከባድ ጌም ይዤ ነበር። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ዘረጋነው። ሕጉን ማስረዳት ብቻ 40 ደቂቃ ወሰደብኝ። የጓደኛዬ ባለቤት «እናንተ ተጫወቱ» ብላ ወጥ ቤት ገባች፣ ሳህን ስታጥብ፣ ልጅ ስታስተኛ አመሸች፣ እኛ ቀና ብለን እንኳን አላየናትም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስንጨርስ ቤቱ ጭር ብሏል። እሷንም ልንጠይቅ ነበር እኮ ያን ሁሉ መንገድ የነዳነው። እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ይህን ብቻ ነው የማየው፦ እየተጫወቱ ማውራት ይቻላል ወይ? ካልተቻለ ቤት ይቀራል።

ቲኬት ቱ ራይድን ያዢ። ከ2 እስከ 5 ሰው ያጫውታል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሕጉ ቡና እስኪፈላ ተነግሮ ያልቃል። ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ካርዶች እየሰበሰብሽ፣ ካርታው ላይ ትንንሽ ፉርጎ እየደረደርሽ ከከተማ ከተማ የባቡር መስመር ትዘረጊያለሽ። የ8 ዓመቱ ልጅሽ ይችለዋል፤ የ5 ዓመቷን ከአንዳችሁ ጋር አጣምሯት።

የጓደኛዬ እናት ከደሴ መጥተው በነበረ ጊዜ እሳቸውም ተጫውተውታል። እንግሊዝኛ አያነቡም። ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «እማዬ፣ ከዚህ እዚህ ድረስ ነው» እያለ ከተሞቹን በጣቱ ያሳያቸዋል፣ የቀረው የሳቸው ነው። ካርዶቹን እንደ ጥለት ክር በቀለም በቀለም ለይተው ጭናቸው ላይ፣ ነጠላቸው ላይ ደረደሯቸው። ስድስት ቀይ እስኪሞላላቸው ዝም ብለው ጠበቁ። ከዚያ ከኒው ኦርሊንስ እስከ ማያሚ ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ፣ ዝንፍ ሳይሉ አስቀመጡ። 15 ነጥብ ነው ስንላቸው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። የሌላውን መስመር ቀድሞ መያዝ እንደሚቻል ብንነግራቸውም እምቢ አሉ። «የሰው መንገድ ዘግቼ ምን አገኛለሁ» ነበር መልሳቸው።

ሁለተኛው ኮድኔምስ ነው፣ በአማርኛ አድርጋችሁት ግን። 25 ቃል በ5 በ5 ይደረደራል፣ ሰው ለሁለት ቡድን ይከፈላል፣ የቡድኑ አለቃ አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ብቻ ይናገራል፣ የቀሩት የትኞቹን ካርዶች እንደፈለገ ይገምታሉ። በእንግሊዝኛ ስንጫወት እዚህ ያደጉት ብቻ ነበር የሚያሸንፉት። ስለዚህ ቁልፉን ካርድ (የትኛው ቃል የየትኛው ቡድን እንደሆነ ለአለቆቹ የሚያሳየውን) ከሳጥኑ ወስደን ቃሎቹን ራሳችን በአማርኛ በወረቀት ቁርጥራጭ ላይ ጻፍን። እህቴ፣ ቋንቋችን ለዚህ ጌም የተፈጠረ ነው! ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ብለሽ ስትጽፊ በዓሉም፣ ያልደረሰውም፣ ጨዋታውም ነው። «ዋና» ውሃ ውስጥም ነው፣ አለቃም ነው። አንድ ማታ አለቃችን «ሐኪም፣ ሁለት» አለች። «መርፌ»ን ወዲያው አገኘናት። ሁለተኛውን ፍለጋ ስንከራከር ቆየን፣ «ሽፍታ» ዓይናችን ሥር ተቀምጦ ሁላችንም ጫካ የገባውን ብቻ ነበር የምናስበው። ቆዳ ላይ የሚወጣው ትዝ ያለን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንድ ዙር 15 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ በአቦልና በቶና መሀል ይገባል፣ ቡና የምታፈላዋም ካለችበት ሆና ትገምታለች።

ካታንም ጥሩ ነው፣ ግን ዋናው ሳጥን ለ3 ወይም ለ4 ሰው ብቻ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ አራታችሁ ዘርጉት። በግ ሰጥቶ እንጨት መቀበል አለው፣ ገበያው ደስ ይላል። በዳይሱ 7 ወጥቶ ሌባው ሲመጣ የሚያኮርፍ ሰው ካለ ይቅር።

ሌላው፣ ምግብና ካርድ አታቀላቅሉ። ከጨዋታው ጋር ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይሁን፣ ደረቅ ነው። ካርዶቹን በላስቲክ አስረሽ፣ ፉርጎዎቹን በየቀለማቸው በትንንሽ ፌስታል ቋጥረሽ ጫኚ፤ መንገድ ላይ ሳጥኑ ከተገለበጠ የቅዳሜ ጠዋታችሁ በመልቀም ያልቃል።

እሁድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በላይ አትቆዩ። ሰኞ ሥራ አለ፣ የሚነዳ ሰውም ይደክመዋል፣ ከባለቤትሽ ጋር ሞርጋንታውን ላይ ተቀያየሩ። ጓደኞቻችሁ «ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም» ማለታቸው አይቀርም። ቅዳሜ ማታውኑ ንገሪያቸው፣ ጀበናው 1 ሰዓት ላይ ይጣድ።