ልጅ ሲያለቅስ የሚጠብቅ ሥራ

ልጅ ለብቻቸው ከሚያሳድጉ አንባቢዎች የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ደመወዜ አልበቃኝ አለ፣ ቤቴ ሆኜ ምን ልሥራ?» ለዛሬ ሦስቱን መርጠናል። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 6 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና 2 ዓመት አልሞላትም። ጀሞ አካባቢ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት እሠራለሁ፣ ትንሿን እናቴ ትይዝልኛለች። ደመወዜ ከኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም። የልጆቹ አባት ከተለያየን ወዲህ ዞር ብሎም አላየን። እንጀራ ጋግሬ ለሱቅ ላስረክብ አስቤ ለኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣ ከጓደኛዬ ብር ልበደር ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምጣዱን አሁን አትግዢ።

እንጀራ መናቅ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ ሸጠው ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናቶች ሞልተዋል። ግን እንጀራ ሰዓቱን ራሱ ነው የሚወስንልሽ። ሊጡ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ አብሲት ይገባበታል፣ ኩፍ ሲል ደግሞ የግድ መጋገር አለበት። ያን ሌሊት ትንሿን ትኩሳት ቢይዛትና ጤና ጣቢያ ይዘሻት ብትሮጪ ሊጡ ይኮመጥጣል። መብራት ቢጠፋም ያው ነው። ባለሱቁ ማለዳ እንጀራውን ይፈልጋል፤ ሁለት ቀን ከቀረሽበት ሌላ አስረካቢ ይይዛል። ያልተሸጠውን ይመልስልሻል፣ የተሸጠውን ደግሞ «ነገ እከፍልሻለሁ» እያለ ያከርምብሻል።

ቆጣሪውም ሌላ ጣጣ ነው። በጋራ ቆጣሪ የሚኖር ተከራይ ለሽያጭ ምጣድ ሲሰካ አከራይ ዝም አይልም፤ ወይ ይከለክልሻል ወይ ኪራይ ይጨምርብሻል። የመብራት ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው። ፍጆታሽ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል። የቤትሽን እንጀራ ስትጋግሪ የከፈልሽውን አስበሽ የንግዱን ሒሳብ ከሠራሽ ወር ሲሞላ ትደነግጫለሽ።

እኔ እንደማምነው ልጅ ለብቻው የሚያሳድግ ሰው ከትርፉ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፦ ልጄ ስታለቅስ ሥራውን ጥዬው ብነሳ ይበላሽብኛል ወይስ ይጠብቀኛል? አንድም የሚያግዝሽ ሰው በሌለበት ሌሊት የሚበላሽ ሥራ ከልጆቹ ጋር ያጣላሻል። ቀስ በቀስ ጤናሽንም ይወስደዋል።

የሚጠብቅ ሥራ ምን አለ ካልሽኝ፣ ላንቺ ሁኔታ ሽሮ ይሻላል እላለሁ።

ሽሮ ደረጃ ደረጃ አለው፣ በየደረጃው ማቆም ይቻላል። አተሩን ወይም ሽምብራውን ትለቅሚያለሽ። ታምሺዋለሽ። ታስከኪዋለሽ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና በሶብላውን አድርቀሽ፣ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ጨምረሽ ወፍጮ ቤት ትወስጂዋለሽ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ሳፋ አተር መልቀም ትችያለሽ፤ ትንሿ ብትነቃ ሳፋውን ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ መነሳት ነው። አተሩ ነገም እዚያው ነው። እሳት ያለበትን ሥራ ግን እናትሽ ልጅቷን በያዘችበት የእረፍት ቀን አድርጊው።

ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ከአንቺ በፊት ምን እንደተፈጨ ሳትጠይቂ እህልሽን አታስገቢ። በርበሬ ከነበረ ነጭ ሽሮሽ ያቃጥላል፣ ስንዴ ከነበረ ይቀየጥብሻል። ከራስሽ እህል ጥቂት አስቀድመሽ አስፈጭተሽ ወፍጮው ይጥራ፤ እሱን ለቤትሽ አድርጊው፣ ለደንበኛ አትስጪው።

በርበሬስ እንዳትይኝ። ትርፉ ከሽሮ ሊበልጥ ይችላል፣ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ካልሞላት ልጅ ጋር ዛላ መቀንጠስ አይሆንም። እጅሽ ላይ የቀረው እሷ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሲታመስም ጎረቤቱን ሁሉ ያስነጥሳል። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ታስቢበታለሽ።

የሽሮ ገበያ በጾም ይደምቃል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ በነሐሴ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብም አሉ። እህሉ ረከስ የሚለው ግን መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ስለዚህ ለሁዳዴ የሚሆነውን በጥር ገዝተሽ አዘጋጂ። ለፍልሰታ የምትሸጪውን ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ አስፈጭተሽ ጨርሺ። በሐምሌ ዝናብ በደንብ ያልደረቀ እህልና ቅመም አስፈጭተሽ ላስቲክ ውስጥ ካሸግሽው ይሻግታል። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ፤ ሻጋታ ያየሽበትን እህል አምሰሽ አድነዋለሁ አትበይ። ሻጋታ እህል ላይ የሚተወው መርዝ በእሳት በቀላሉ አይጠፋም፣ ሰው ይጎዳል። ኪሳራውን ተቀብለሽ ጣይው።

አሁን ሒሳቡ። ብዙ እናቶች የሚከስሩት እዚህ ነው፣ ሳያውቁት ይከስራሉ። የገበያውን ዋጋ ተዪው፣ ለምሳሌ ያህል እንየው። እህሉ፣ ቅመሙ፣ ወፍጮው፣ ታክሲውና ላስቲኩ ተደምሮ 10 ኪሎ ሽሮ 2,000 ብር ፈጀብሽ እንበል። ኪሎውን በ220 ብትሸጪው 200 ብር አተረፍኩ ትያለሽ። ለቅመሽ፣ አምሰሽ፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፈሽ፣ አሽገሽ 10 ሰዓት ከወሰደብሽ ግን በሰዓት 20 ብር ነው የሠራሽው። ድካምሽን ዋጋ ውስጥ አስገቢ። ደግሞ 10 ኪሎ እህል 10 ኪሎ ሽሮ አይወጣውም፤ ጠጠሩ አለ፣ ገለባው አለ፣ ወፍጮው ላይ የሚቀረው አለ። የመጀመሪያውን ዙር ከመለቀሙ በፊትም ከተፈጨ በኋላም መዝኚውና በደብተር ጻፊው። ከዚያ በኋላ ዋጋ ስትጠሪ እያወቅሽ ነው የምትጠሪው።

ደንበኛ ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ሽሮ የሚያዘጋጁበት ጊዜ ያጡ ሠራተኞች አሉ። ደመወዝ በሚወጣበት ሰሞን በግማሽ ኪሎና በኪሎ አሽገሽ ውሰጂ፣ ለማስቀመስም ትንሽ ያዢ። ለአንዷ በዱቤ ከሰጠሽ ለሌላዋ እምቢ ማለት ይከብድሻል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በቴሌብር ወይም በእጅ እየተቀበልሽ ስጪ። የሥራው ብር ከቤቱ ብር ጋር አይቀላቀል። በዚህ ዓምድ ብዙ ደብዳቤ አንብቤያለሁ፤ ንግዱ ጥሩ ሆኖ ሳለ የሽሮው ብር ለዘይት፣ የዘይቱ ለኪራይ እየሄደ እህል መግዣ ያጡ እናቶች ብዙ ናቸው።

ብድሩን ለጊዜው ተዪው። አምስት ኪሎ እህል ከደመወዝሽ ቀንሰሽ መሞከር ይቻላል። ካልተሸጠ ቤትሽ ይበላዋል፣ ዕዳ አይኖርብሽም። ገበያው ከለመደሽ በኋላ ዕቁብ መግባት ትችያለሽ፤ በመጥፎ ወርም ሳይከብድሽ የምትጥይውን ያህል ብቻ ይሁን። ሱፐርማርኬት ላስረክብ የምትይበት ቀን ሲመጣ ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ መጠየቅሽ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ወረዳሽ ሄደሽ በአነስተኛ ንግድ ስለመመዝገብ ጠይቂ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ነገር ልንገርሽ። ስለ ልጆቹ አባት የጻፍሽው እንደ ዋዛ መታለፍ የለበትም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አባት ለልጆቹ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። መለያየታችሁ ግዴታውን አያስቀርለትም። አዲስ አበባ ውስጥ ጉዳዩ የሚታየው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ሰውየው ደመወዝተኛ ከሆነ ቀለቡ ከደመወዙ ተቆርጦ እንዲከፈል ፍርድ ቤቱ ሊያዝ ይችላል። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ያዢ፣ የት እንደሚሠራም አጣሪ። ለጠበቃ አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ልመና አይደለም፣ የልጆችሽ መብት ነው። ሌሊት ሙሉ አተር እየለቀምሽ የእሱንም ድርሻ አንቺ የምትሸከሚበት ምክንያት የለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን በሞት ካጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከ7 ዓመት ልጄ ጋር እኖራለሁ። የግል ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ትርፍ ሥራ ፈልጌ በየሰዉ ቤት እየዞርኩ ማስጠናት ጀምሬ ነበር፤ ልጄ እስከ ማታ ጎረቤት እየዋለች ከፋት፣ ተውኩት። ለወንድ ቤት ውስጥ የሚሠራ ምን አለ?

መልስ፦ መምህር፣ ለባለቤትዎ ነፍስ ይማር፣ ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጥዎት።

ሥራውን አይቀይሩት፣ ቦታውን ይቀይሩት። እርስዎ ወደ ተማሪው ከሚሄዱ ተማሪው ወደ እርስዎ ይምጣ። ከራስዎ ብሎክና ከአጠገቡ ካሉት አራት ወይም አምስት ልጆች ሰብስበው፣ ሳሎን ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለው ከ11 ሰዓት እስከ 12 ተኩል ያስጠኑ። ልጅዎ ያው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አንድ ልጅ ሲያስጠኑ ወላጁ የሚከፍለው ብዙ ይመስላል፤ አምስቱ በነፍስ ወከፍ ግማሹን ቢከፍሉ ግን ገቢዎ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ለወላጆቹም ረከሰላቸው፣ የታክሲውም ወጪ ቀረ።

ፈላጊ እንደማያጡ እርግጠኛ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ሲጀምር በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ሒሳብ ላይ እንቅልፍ የለውም፤ ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ጀምሮ ነው የሚጨነቀው። እርስዎ ግን ሁሉንም ክፍል አልያዝ ይበሉ። 7ኛና 8ኛን ብቻ ቢይዙ ዝግጅቱ አንድ ይሆንልዎታል፣ ማታ ለልጅዎ የሚሆን ጊዜ ይተርፋል።

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። እርስዎ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ያሉትን ተማሪዎች አይቀበሉ፤ ውጤት የሚሰጥ መምህር በገንዘብ ሲያስጠና ሐሜት ይመጣል፣ ብዙ ትምህርት ቤትም ይከለክላል። ክፍያውን ወር ሲገባ ይቀበሉ፣ ወር ሲወጣ አይሁን። በጥናቱ ሰዓት በሩ ክፍት ይሁን፣ ወላጆችም በፈለጉ ጊዜ ገብተው ይዩ። የሰው ልጅ በቤትዎ ሲውል ይህ ለልጆቹም ለእርስዎም ስም ጥሩ ነው።

«ለወንድ» ያሉት ነገር አሳዘነኝ። ልጅዎን ሹሩባ የሚሠራላት፣ ስትታመም ሌሊት የሚነሳላት እርስዎ ነዎት። የዕድርዎ ሴቶች «እናግዝህ» ሲሉ እሺ ይበሏቸው፣ በዚህ የሚያፍሩበት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ከቤይሩት ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁ። አሁን ኮምቦልቻ እናቴ ቤት ነኝ፣ የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። ትንሽ ብር ይዤ መጥቻለሁ። የሰፈር ልጅ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አሳየኝ። ብር ታስገቢያለሽ፣ በየቀኑ ስልክሽ ላይ ትንሽ ነገር ትነካኪያለሽ፣ ትርፉ ይገባልሻል ይላሉ። ቤቴ ሆኜ ልጄን እያየሁ የምሠራው ስለሆነ ደስ አለኝ። ልግባበት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። አትግቢበት። አንድ ብርም አታስገቢ።

አሠራሩን ልንገርሽ። መጀመሪያ ትንሽ ታስገቢያለሽ፣ ከነትርፉ ይመልሱልሻል። ያ ብር ከአንቺ በኋላ ከገቡት የተሰበሰበ ነው። ታምኚያቸዋለሽ፣ ብዙውን ታስገቢያለሽ፣ እህትሽንና ጓደኛሽንም ታስገቢያለሽ። ከዚያ ብርሽን ላውጣ ስትይ «መጀመሪያ ይህን ያህል ክፈይ» ይሉሻል፣ ወይ ግሩፑ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። የሰፈርሽ ልጅ ሊያታልልሽ አስቦ ላይሆን ይችላል፣ እሱም ገና ብሩን አላጣ ይሆናል።

ቤይሩት ወጥ ቤት ውስጥ ከሠራሽ እጅሽ ላይ ያለው ሙያ ከያዝሽው ብር ይበልጣል። ኮምቦልቻ ውስጥ በረመዳን ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ የሚገዛ ቤት ብዙ ነው። ባስቡሳ የሚባለውን የዓረቦች ኬክና በቴምር የተሞላውን የዒድ ኩኪስ አሳምሮ የሚሠራ ግን ብዙ አታገኚም፣ አንቺ ግን ለዓመታት ለሰው ቤት ስትሠሪው ኖረሻል። በትዕዛዝ ብቻ ሥሪ፣ ግማሹን ብር ቀድመሽ ተቀበይ፤ ያልታዘዘ ምግብ አዘጋጅተሽ አትቀመጪ። ልጅሽ 9 ዓመቷ ነው፣ ሊጡን ማጠፍ ትችላለች። ተለያይታችሁ ስለኖራችሁ አብሮ መሥራቱ ለሁለታችሁም ይጠቅማል። እናትሽን ግን አትቀድሚያት፤ እስከ አሁን ያሳደገቻት እሷ ናት፣ የልጅቷን ነገር እየጠየቅሻት አድርጊ።

ከረመዳንና ከዒድ ውጪ ትዕዛዙ ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ የልደትና የሠርግ ኩኪስ ላይ አተኩሪ። ፍሪጅና ትልቅ ኦቨን ለመግዛት አትቸኩይ። አንድ ረመዳን በእናትሽ ምድጃ ሠርተሽ ስንት ትዕዛዝ እንደመጣ፣ ዘይቱና ዱቄቱ ምን ያህል እንደፈጀ በደብተር ይዘሽ እዪው። ይዘሽ የመጣሽው ብር እስከዚያ በስምሽ ባንክ ይቀመጥ፣ የባንክ ደብተሩንም አንቺው ያዢው።