ከመኪና ግጭት በኋላ ስልኩ ለምን አያርፍም? ጥያቄና መልስ

ዘጠኝ ዓመት አሜሪካ ውስጥ በመኪና ኢንሹራንስ የካሳ ክፍል ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትነዱ በተለይ፣ ከቀላል ግጭት በኋላ ስለሚጎርፈው ስልክ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ማክሰኞ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ከኋላ ገጩኝ። ባምፐሩ ተጫረ እንጂ እኔ ደህና ነኝ። ሐሙስ ብቻ 14 ጊዜ ተደወለልኝ። ቁጥሬን ከየት አመጡት?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊስ ሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱን ማን ማየት እንደሚችል እንደየስቴቱ ይለያያል። ፍሎሪዳ ለምሳሌ ለመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ከባለጉዳዮቹና ከጥቂት ሌሎች በቀር ለማንም አትሰጥም። ሌላ ቦታ በጥቂት ዶላር ገዝቶ ስልክ የሚለቅም አለ። መኪናህን ከጎተተው ሰው ወይም ከጋራዥም ሊወጣ ይችላል። ደዋዮቹን "ራነር" ይሏቸዋል። በእኛ ቋንቋ ደላላ ማለት ነው። አንተን ለጠበቃ ወይም ለካይሮፕራክተር (ጀርባና አንገት እያሸ ለሚያክም) ያቀብላል፣ በሰው ቁጥር ይከፈለዋል።

ጥያቄ፦ አንዱ "ከኢንሹራንስህ ነው የምደውለው" አለኝ። ስሜንም የመኪናዬን ሞዴልም ያውቃል።

መልስ፦ ሁለቱም ሪፖርቱ ላይ አሉ። "የክሌም (የካሳ ጥያቄ) ቁጥሬ ስንት ነው?" በለው። እውነተኛው አጃስተር (ጉዳይህን የያዘው የኢንሹራንሱ ሠራተኛ) ከፊቱ አለው። ቢነግርህም ዝጋና የኢንሹራንስ ካርድህ ላይ ባለው ቁጥር መልሰህ ደውል።

ይህን የማጠብቀው በምክንያት ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለው ሕግ ጨካኝ ነው። ለግጭቱ ትንሽ እንኳ ጥፋት ካለብህ፣ ከሌላው ሾፌር የምትጠይቀው ካሳ በሙሉ ሊቀር ይችላል። (ዲሲ ለእግረኛ፣ ለብስክሌተኛና ለመሳሰሉት ከ2016 ጀምሮ አላልታለች።) "እኔም ትንሽ ዞር ብዬ ነበር" የምትል አንዲት የጨዋነት ቃል ብዙ ታስከፍላለች። የገጨህ ሰው ኢንሹራንስም ይደውላል፣ ድምፅህን ልቅዳ ይላል። ከራስህ ኢንሹራንስ ጋር የመተባበር ግዴታ አለብህ፤ ለእነሱ ግን ቃልህን የማስቀዳት ግዴታ የለብህም።

ጥያቄ፦ የሚደውለው ሐበሻ ነው። "እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ" ይለኛል። መዝጋት ከበደኝ።

መልስ፦ እሱም ይሉኝታሽን ቆጥሮ ነው የደወለው። እኔ ራሴ ስጋጭ አንዱ ስለ እናቴ ጤና ሳይቀር ጠይቆኛል! ከዚያ "አንገትሽን አያምሽም? ጀርባሽንስ?" ይመጣል። ምንም ሳይሰማሽ ሃያ ቀን ሕክምና ተመላልሰሽ ፈረምሽ ማለት፣ ክሌሙ በስምሽ ነው የሚገባው። የማጭበርበር ምርመራ ከመጣ ደላላው የለም፤ ያለሽው አንቺ ነሽ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

እኔ የምለው ይህን ነው፦ "አመሰግናለሁ፣ ጠበቃም ሐኪምም ራሴ እፈልጋለሁ፣ ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ።" የእሱን ስንብት አትጠብቂ። ስንብቱ አያልቅም።

ጥያቄ፦ ይህን የሚከለክል ሕግ የለም እንዴ?

መልስ፦ አለ። በዲሲ ግጭት ከደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ጠበቃም ሆነ ሐኪም፣ በራሱም ሆነ በሚከፍለው ደላላ፣ ከካሳው ለመጠቀም ብሎ ደንበኛ ማሳደድ ሕገወጥ ነው። ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ፣ ጠበቃ በሕገወጥ መንገድ ያባበለው ሰው ባይፈርም እንኳ ከሶ 10,000 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። የ1991 የፌዴራል ሕግም አለ። ያለ ፈቃድህ በተቀዳ ድምፅ ሞባይልህ ላይ የሚደውልን ድርጅት ከሰህ በጥሪ 500 ዶላር፣ ሆን ብሎ ከሆነ እስከ 1,500 ዶላር ልታስከፍለው ትችላለህ። ከ2024 ወዲህ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ድምፅም እዚህ ውስጥ እንደሚገባ ተወስኗል። ስለዚህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ነኝ እንዳለ ጻፍ፤ ስክሪንሾት አንሳ።

ጥያቄ፦ ዱ ኖት ኮል ("አትደውሉልኝ" የሚባለው የመንግሥት መዝገብ) ላይ ብመዘገብስ?

መልስ፦ ተመዝገብ፣ ነፃ ነው፤ በ1-888-382-1222 ከራስህ ስልክ ደውል። ከ31 ቀን በኋላ ሕግ አክባሪዎቹ ይተውሃል። ሌሎቹ ግን 240 ወይም 703 ብሎ የሚጀምር የጎረቤት የሚመስል ቁጥር ፈጥረው ይደውላሉ። ለሚልኩት ቴክስት አትመልስ፤ አጭበርባሪ ቴክስት ወደሚጠቆምበት ቁጥር፣ ወደ 7726 አስተላልፈው።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ጀርባዬን እውነት ያመኛል። አሁን ልፈርም?

መልስ፦ ሕመሙ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መምጣቱ የተለመደ ነው። ወደ ራስህ ሐኪም ሂድ፣ ዛሬውኑ። ጠበቃም ጥሩ ጥሩ አለ፤ አንተ ፈልገው እንጂ እሱ አይፈልግህ። ብዙውን ጊዜ ካሳው ሲገኝ ሲሶ ያህሉን ይወስዳል። ለአካል ጉዳት ክስ ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት ይሰጣሉ። "ዛሬ ካልፈረምክ ያመልጥሃል" የሚልህ ሰው ቸኩሎ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ስልክ አንስተው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውን ሰጡ።

መልስ፦ አትቆጫቸው፣ ይደነግጣሉ። በስማቸው ሌላ ሰው እንዳይበደር፣ ዛሬ የክሬዲት መዝገብ የሚይዙት ኤኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ጋር ክሬዲታቸውን አስቆልፍ ("ፍሪዝ" ይሉታል)። ከ2018 ጀምሮ በነፃ ነው፤ ሦስቱም ጋር ለየብቻ ነው የሚደረገው።

ጥያቄ፦ የማላውቀውን ቁጥር ሁሉ ስልኬ ዝም እንዲያሰኝ ባደርገውስ?

መልስ፦ አይፎን ላይ ይቻላል፣ እኔም አድርጌው ነበር። ግን መጀመሪያ የአጃስተሩንና የጋራዡን ቁጥር ስልክህ ላይ መዝግብ። እኔ ይህን ረስቼ መኪናዬ ተሠርታ አምስት ቀን ጋራዥ ቆመች።