የተዘጋው ጂሜይል ለማን ይከፈት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ብቸኛው የአይቲ ሰራተኛ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ፋይናንስ ክፍል አንዷ ልጅ በግል ሜይሏ የመጣላትን ኢንቮይስ መሳይ ነገር ከፍታ ኮምፒውተሯ ቫይረስ ገባበትና ሳምንት ሙሉ ስንታመስ ከረምን፣ ከዛ ስራ አስኪያጁ ጂሜይል ያሁ ሆትሜይል ምናምን በሙሉ ዝጋ አለኝ፣ ዘጋሁ። በማግስቱ ቢሮዬ ወረፋ ሆነ። ትራንዚት ክፍል ጅቡቲ ያለው ሰውዬ ዶክመንት የሚልክልን በድሮው ያሁ ነው ይላል፣ የሰው ሀይል ሲቪ የምንቀበለው በጂሜይል ነው ይላል፣ ምክትሉ ደግሞ ምክንያትም አልነገረኝ፣ "ለኔ ክፈትልኝ" ብቻ። በአይፒ (በየኮምፒውተሩ የኔትወርክ ቁጥር) አንድ በአንድ ስከፍት ስከፍት አሁን ከ40 ኮምፒውተር 23ቱ ክፍት ናቸው፣ ለማን ለምን እንደከፈትኩ እኔም ጠፍቶብኛል። ጭራሽ አንዳንዱ ሳልከፍትለት ክሮም ላይ ይሰራለታል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ ይቅርታ፣ መጀመሪያ ሳቅኩ። ከ40ው 23ቱ ከተከፈቱ እኮ ኤክሰፕሽን የሚባሉት የቀሩት 17ቱ ናቸው።

ግን ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይመስለኝም። ስራ አስኪያጁ ዝጋ ሲል ጂሜይልና ያሁ የሰራተኛው የግል ጉዳይ ብቻ መስሎት ነው፣ እኛ ሀገር ደግሞ ስንት ድርጅት ነው ቢዝነስ ካርዱም ታፔላውም ላይ ያሁ አድሬስ የጻፈው? እናንተ ቤት ዌብሜይል (በብራውዘር የሚከፈት ሜይል) መዝጋት የመስሪያ ቤቱን ፖስታ ሳጥን እንደመቆለፍ ሆኗል። ስለዚህ "ለማን ልክፈት" የሚለውን ተወውና "የትኛው ስራ ነው በዚህ ሜይል የሚመጣው" ብለህ ጠይቅ። የትራንዚቱ እውነት ነው፣ ዶክመንት ዘግይቶ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ከከረመ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል፣ እሱን አታስጠብቀው። የሰው ሀይሉም እሺ፣ ግን ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ እንጂ ለክፍሉ ሁሉ አይደለም (ሲቪ ማለት እኮ ከማታውቀው ሰው የመጣ አታችመንት ነው፣ እንደውም ከሁሉም አደገኛዋ ያቺ ኮምፒውተር ናት፣ ከፋይናንስ ፎልደር ለያት)።

አከፋፈቱ ላይ፣ አይፒ ብቻ ይዘህ ከከፈትክ ዲኤችሲፒው (አይፒ የሚያድለው) ነገ አድሬሱን ለሌላ ሰው ይሰጥብሃል፣ በማክ አድሬስ (በኮምፒውተሩ የራሱ ቁጥር) ሪዘርቭ አድርገው፣ ዶሜይን ሰርቨር (የሰራተኛውን ሁሉ መግቢያ የሚያስተዳድር) ካላችሁ ደግሞ ግሩፕ ፍጠርና ሰው አስገባ አስወጣ፣ ይሄ ይሻላል። ስልክን በማክ ልያዝ ብለህ አትድከም፣ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ያሉት ለየዋይፋዩ የሚሰጡት ማክ የውሸት ነው፣ ስልኮችን ወደ እንግዳ ዋይፋይ አውርዳቸውና ከቢሮው ኔትወርክ ለያቸው። አብዛኛው ፋየርዎል (የኢንተርኔት መግቢያ መውጫውን የሚቆጣጠረው) ደግሞ ህጉን ከላይ ወደታች ነው የሚያነበው፣ ቀድሞ የገጠመውን ይፈጽምና ያቆማል፣ ስለዚህ የፈቀድከው ከከለከልከው በላይ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ ከፍቼለት አልሰራም እያልክ ታድራለህ።

ሳትከፍትለት ክሮም ላይ የሚሰራለት ምናልባት ክዊክ በሚባለው ፕሮቶኮል እየወጣ ነው፣ ጉግል የራሱን ሳይቶች በተለመደው የዳታ መንገድ በቲሲፒ ፈንታ በሌላው መንገድ በዩዲፒ 443 ያመጣቸዋል፣ አንዳንድ ፋየርዎል ደግሞ ቲሲፒውን ብቻ ነው የሚፈትሸው። ዩዲፒ 443ን ዝጋው፣ ብራውዘሩ ራሱ ወደ ቲሲፒ ይመለሳል፣ ማንም ምንም አይጎዳም።

አንድ ነገር ግን እወቅ፣ ፋየርዎልህ የሚያየው የሳይቱን ስም ብቻ ነው፣ የማን ሜይል እንደተከፈተ አያይም። ለሰው ሀይል ጂሜይል ከፈትክ ማለት እዛ ኮምፒውተር ላይ የሚሰራው ሰራተኛ የግል ጂሜይልም ተከፈተ ማለት ነው። የድርጅቱን የጉግል አካውንት ብቻ ፈቅዶ የግሉን ፋየርዎሉ ላይ የሚከለክል ዘዴ አለ፣ ግን ኤስኤስኤል ኢንስፔክሽን ይፈልጋል፣ እሱ ማለት ደግሞ ኢንክሪፕት የሆነውን ፈተህ ማየት ነው፣ የሰራተኛው የባንክ ፓስወርድ ሳይቀር በእጅህ ያልፋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይሄን ያለ ጽሁፍ ያለ ማሳወቅ መጀመር አልመክርህም፣ ለ40 ኮምፒውተርም ድካሙ አያዋጣም።

የሚያዋጣው ሜይሉን ማዛወር ነው። በድርጅቱ ዶሜይን (በራሱ የኢንተርኔት ስም) ለትራንዚትና ለሰው ሀይል አድሬስ ክፈት። ጂሜይሉን በሴቲንግ በነጻ ወደ አዲሱ ፎርዋርድ ታደርገዋለህ። ያሁ ግን በፈረንጆቹ 2021 ላይ አውቶማቲክ ፎርዋርዱን ለከፋይ ብቻ አድርጎታል፣ ስለዚህ ወይ ትከፍላለህ ወይ "አድሬሳችን ተቀይሯል" የሚል አውቶ ሪፕላይ ሰቅለህ አንዷን ኮምፒውተር ብቻ ለሶስት ወር ክፍት ታደርጋለህ። (በነገራችን ላይ ያ ያሁ በማን ስልክ ቁጥር እንደተመዘገበ ዛሬውኑ እይ፣ ስራ በለቀቀ ሰው ስልክ ከሆነ ሜይሉ በእሱ እጅ ነው፣ ችግርህ ፋየርዎል አይደለም።)

ከዛ አንድ ገጽ ፎርም አዘጋጅ፣ ማን፣ የትኛው ሳይት፣ ለየትኛው ስራ፣ እስከ መቼ፣ የስራ አስኪያጁ ፊርማ። ለሁሉም ሶስት ቀን አስቀድመህ ተናገርና 23ቱንም ዝጋ፣ ፎርም ላመጣ ብቻ ክፈት፣ ቀኑ ሲያልቅ ዝጋ። ምክትሉም ፎርሙን ይሙላ፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ በራሱ እጅ ይጻፍ። ብዙዎቹ እዛ ጋ ሲደርሱ ስልካቸው ላይ ዳታ እንዳለ ትዝ ይላቸዋል።