«ታዲያ ምን ይጠበስ?»

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህርት። ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ማታ አረጋውያን እንከባከባለሁ፤ ቀን ኮሌጅ ገብቼ እንግሊዝኛ እማራለሁ። አሁን የደረስንበት ትምህርት ሁለት ነገሮችን እያነጻጸሩ ድርሰት መጻፍ ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ሐዋሳ አሥር ዓመት ስለኖርኩ ሁለቱን ከተሞች መረጥኩ። አንዱን ገጽ ለባሕር ዳር ሰጠሁት፦ ገዳማቱ፣ ዘንባባው፣ ሐይቁ። ሌላውን ለሐዋሳ፦ ዓሣው፣ ሆቴሉ፣ ባጃጁ። «ሁለቱም ቆንጆ ከተሞች ናቸው» ብዬ ዘጋሁት። አስተማሪዋ ከግርጌው በቀይ «ሶ ዋት?» ብላ ጽፋ መለሰችልኝ። ውስጡም በቀይ ተዥጎርጉሯል። ከተሞቼን የናቀችብኝ ስለመሰለኝ ተናደድኩ። ምን ማለቷ ነው?
ቀይ እስክሪብቶ ያስመረራት

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ፤ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም። አስተማሪሽ ከተሞችሽን አልናቀችም። «ሶ ዋት?» በእኛ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» እንደማለት ነው። ስድብ ይመስላል። የድርሰት አስተማሪ ስትጽፈው ግን የምሯን እየጠየቀች ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጫቸው፣ ለየብቻቸው ሳሉ የማይታይ ምን ታየሽ? ነው ነገሩ።

ችግሩ ከደብዳቤሽ ይታየኛል። ለአንዱ ገዳም ሰጠሽ፣ ለሌላው ባጃጅ። ገዳምና ባጃጅን ምን አገናኛቸው? ባጃጅ እንደሆነ ባሕር ዳርም ሞልቷል። የጻፍሽው ሁለት ፖስት ካርድ ነው። ስለ አንዱ የጠየቅሽውን ስለ ሌላውም ካልጠየቅሽ ንጽጽር የለም።

እኔ ብሆን ሐይቆቹን ብቻ እወስድ ነበር። ከተማን የሚያህል ነገር ሁለት ገጽ አይችለውም። ሐይቆቹ ደግሞ ጉድ አላቸው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ የሐዋሳ ሐይቅ 90 ገደማ ነው። የቱ የሚጠልቅ ይመስልሻል? ትንሹ! ጣና በጣም ጠለቀ የሚባልበት ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሐዋሳ ከ20 ሜትር ያልፋል። ከጣና ዓባይን የሚያህል ወንዝ ይወጣል፤ ከሐዋሳ ሐይቅ ግን በመሬት ላይ ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ የለም።

አሁን ሰዎቹን አምጪያቸው። ጣና ላይ ሰው ይጓዛል። በደንገል ታንኳ ዕቃ ይጫናል፣ በጀልባ ደሴት ላይ ወዳሉት ገዳማት ይኬዳል። ሐዋሳ ግን ሰው ሐይቁ ዳር ይቀመጣል። ዳር ላይ ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣው ይገፈፋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። (ምን ይጠበስ ላለችሽ መልሱ እዚህ ጋ አለልሽ።) እንግዲህ «ጣና መንገድ ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ መቀመጫ ነው» ብለሽ ብትጀምሪ አንባቢው «እንዴት?» ይላል። የቀረው ድርሰት ለዚያ «እንዴት» መልስ ነው። ሁለቱም ጋ የኖርሽው አንቺ ነሽና በዚህ ላትስማሚ ትችያለሽ። የራስሽን ጻፊ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኛ ማነጻጸር ሲባል ትዝ የሚለን የትምህርት ቤት ክርክር ነው። «ከብዕርና ከጎራዴ የቱ ይበልጣል?» እየተባለ፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ፣ ጭብጨባ። ድርሰቱ ግን አሸናፊ አይፈልግም። እኔ ራሴ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በ1979 ዓ.ም. ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ «የከተማ ኑሮና የገጠር ኑሮ» ብዬ አጻፍኳቸው። ስልሳ ወረቀት፣ አንድ ድርሰት! ከተማ መብራት አለ፣ ገጠር ትኩስ ወተት አለ፣ ስለዚህ ከተማ ይሻላል። አንዲት ልጅ ብቻ ትእዛዜን ጥሳ የሁለት አክስቶቿን ቡና ጻፈች። በአንደኛዋ ቤት ወሬው ስለሚደራ ቡናው ይበርዳል። በሌላዋ ቤት ቡናው ትኩስ ነው፤ የሚያወራ ግን የለም። የቱ እንደሚሻል አልነገረችኝም። ሰዋስዋ የሚያስለቅስ ነበር፤ እኔ ግን ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የሌሎቹን ሃምሳ ዘጠኝ ረስቻቸዋለሁ።

አደራደሩ ብዙ አያስጨንቅሽ። ወይ አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው ትሄጃለሽ፣ ወይ ነጥብ በነጥብ እያፈራረቅሽ ትጽፊያለሽ። ላንቺ የምመክርሽ ሁለተኛውን ነው። ስፋቱን ስታነሺ የሁለቱንም፣ ጉዞውን ስታነሺ የሁለቱንም። የመጀመሪያው መንገድ ሳታውቂው መልሶ ፖስት ካርድ ውስጥ ይከትሻል።

ወደ ቀዩ ቀለም ልምጣ። ወረቀቱን ባላየውም እገምታለሁ፣ የአማርኛችን እጅ አለበት። «ሐዋሳ ከባሕር ዳር ታንሳለች» እንላለን፤ «ከ»ን ይዘን «ስሞለር ፍሮም ባሕር ዳር» ብለን እናርፋለን። እዚያ ቦታ የሚገባው «ዛን» ነው። «ከእሱ ጋር ይመሳሰላል» ስለምንል ደግሞ «ሲሚላር ዊዝ» እንጽፋለን፤ እንግሊዝኛው «ሲሚላር ቱ» ነው። የሚያናድደው፣ «ከእሱ ይለያል» ስንል «ዲፈረንት ፍሮም» ልክ ይሆናል! አንዴ ያድነናል፣ አንዴ ይጥለናል። «ይበልጥ ትልቅ» ብለን ደግሞ «ሞር ቢገር» እንላለን። «ቢገር» ብቻውን በቂ ነው።

የሁላችንም በሽታ ግን «ኦልዞ» (although) ነው። በአማርኛ «ምንም እንኳ ጣና ሰፊ ቢሆንም፣ ሐዋሳ ግን ይጠልቃል» ማለት ያምራል። በእንግሊዝኛ «ኦልዞ» ብለሽ ከጀመርሽ «በት» አያስፈልግም። ከሁለቱ አንዱን ጣይው። እኔ ተማሪዎቼን «በአንድ በር ሁለት ዘበኛ አታቁሙ» እላቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን። «ኦን ዘ ኮንትራሪ» እና «ኦን ዘ አዘር ሃንድ» አንድ አይደሉም እንዴ? ጓደኛዬ አንድ ናቸው ይላል።

መልስ፦ ጓደኛህ ተሸውዷል። «ኦን ዘ አዘር ሃንድ» የእኛ «በሌላ በኩል» ነው፤ ሁለቱም ነገር እውነት ሆኖ ሌላኛውን ገጽ ታሳያለህ። ደብረ ብርሃን ትበርዳለች፤ በሌላ በኩል ለአዲስ አበባ ቅርብ ናት። «ኦን ዘ ኮንትራሪ» ግን የተባለውን ያፈርሳል፤ «ኧረ እንዲያውም!» እንደምንለው። ደብረ ብርሃን ሞቃት ናት አሉህ? ኧረ እንዲያውም፣ ጋቢ ያስደርባል። እየጻፍክ ስትጠራጠር በአማርኛ «ኧረ እንዲያውም» ብለህ ሞክረው። ካልገጠመ «ኮንትራሪ»ን ተወው።